የእቁቡ ብር እና አውሮፕላኗ፦ የአንድ የደሴ ባጃጅ ሹፌር ጉዳይ

ደሴ ከተማ ባጃጅ የሚነዳ አንድ ወጣት የ60,000 ብር እቁብ ወጣለት። በ38 ቀን ውስጥ ብሩ አለቀ። ሌባ አልነካውም፤ ጠጥቶም አላጠፋውም። ስልኩ ላይ ቁማር ተጫውቶ ነው የጨረሰው።

የእቁቡ ጸሐፊ እኔ ነኝ። እንጀራዬም ሒሳብ ሥራ ስለሆነ ነገሩ ሲፈነዳ መዝገቡን አገላብጦ የማየቱ ሥራ ለእኔ ተሰጠኝ። ልጁም ዋስ የሆኑት አጎቱም እንድጽፈው ፈቅደውልኛል። ስማቸውን፣ ሰፈራቸውንና ልጁ የተጫወተበትን ድርጅት አልጠቅስም። እንደ እሱ ያለ ልጅ በየባጃጅ ተራው አለ። ታታሪ ነው፣ ለእናቱ አሳቢ ነው፣ እቁብ ይጥላል፣ ጥሩ ስልክ ይዟል። ጉዳዩን በዝርዝር የማስቀምጠውም ለዚሁ ነው።

እቁባችን 30 አባል አለው። ባለሱቅ አለ፣ መምህር አለ፣ ሰኞ ገበያ በርበሬ የሚሸጡ እናት አሉ፣ አራት የባጃጅ ልጆች አሉ። በሳምንት 2,000 ብር ይጣላል። እሁድ ጠዋት ቡና ይፈላል፣ የአባላቱ ስም በተጠቀለለ ወረቀት ጣሳ ውስጥ ይገባል፣ ከቤቱ ልጆች ትንሿ እጇን ከታ አንዱን ታወጣለች። እቁብ ላይ ዕጣ የሚወስነው ማን ቀድሞ እንደሚወስድ ብቻ ነው። መጨረሻ ላይ ሁሉም የጣለውን ያህል ያገኛል።

ለልጁ በ8ኛው ሳምንት ወጣለት። እስከዚያ የጣለው 16,000 ብር ነው። 60,000 ወሰደ፤ ስለዚህ በቀሩት 22 ሳምንታት 44,000 ብር መጣል አለበት። ዋስ የቆሙለት የእናቱ ወንድም ናቸው። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። የሚነዳው የሰው ባጃጅ ነው፤ በየቀኑ ለባለቤቷ ገቢ ያስገባል። ከአክስቱ ልጅ ጋር አዋጥተው የራሳቸውን ሊገዙ ተነጋግረዋል። ብሩን በቴሌብር ላክንለት። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ግንቦት ከመጣ ወዲህ የእቁባችን ብር እንደዚያ ነው የሚሄደው። ድሮ ቢሆን በላስቲክ ተጠቅልሎ እናትየው ሣጥን ውስጥ ይቆለፍበት ነበር።

ከወረቀቱ ወደ ስልኩ

ልጁ ቁማርተኛ አልነበረም። በዓመት አንዴ የእንቁጣጣሽ ሎተሪ ይቆርጣል፤ አንዳንዴ ፒያሳ ሲቆም ከአዟሪው አንድ ሁለት ትኬት ይወስዳል። በ1954 ዓ.ም. የተቋቋመው ብሔራዊ ሎተሪ ለደሴ ሰው አዲስ ነገር አይደለም፤ አባቶቻችንም ቆርጠዋል። ትኬቱ ኪስ ውስጥ ይከርማል። የሚወጣበት ቀን እስኪደርስ ሰው በሐሳቡ ቤት ይሠራበታል፣ እናቱን ሐጅ ይልክበታል። ቀኑ ሲደርስ ቁጥሩን ያያል፣ ይቀደዋል፣ አበቃ። ደግሞ ለመቁረጥ ሌላ ትኬት፣ ሌላ ቀን መጠበቅ አለበት።

ከዚያ የኳስ ውርርድ መጣ። ልጁም ከጓደኞቹ ጋር ቅዳሜና እሁድ ትኬት ይቆርጥ ጀመር፣ በትንሽ ብር። እሱም ቢሆን 90 ደቂቃ ያስጠብቃል። አንድ ቀን ተራ ላይ ከጎኑ የቆመ ልጅ «ኳስ ምን ያደርግልሃል፣ ይቺን እያት» ብሎ አውሮፕላኗን አሳየው።

ስክሪኑ ላይ ትንሽ አውሮፕላን ትነሳለች። ከእሷ ጋር ቁጥር ይጨምራል፦ 1.10፣ 1.35፣ 1.80፣ 2.40። 100 ብር ያስያዘ ሰው 2.40 ላይ ቁልፉን ከነካ 240 ብር ይደርሰዋል። ሳይነካ አውሮፕላኗ ከጠፋች 100 ብሩ ሄደ፤ ልጆቹ «በረረብኝ» ይላሉ። ከተነሳች እስክትጠፋ ብዙውን ጊዜ ሰከንዶች ናቸው። ወዲያው ሌላ ዙር ይጀምራል። በስክሪኑ ጎን ሌሎች ተጫዋቾች ምን ያህል እንዳወጡ እየተደረደረ ይወርዳል። የበላ ሰው ቁጥር አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። የተበላው ዝም ብሎ ይጠፋል።

ባጃጅ ሥራ ግማሹ መጠበቅ ነው። ተራ እስኪደርስ አሥር ደቂቃ፣ ሃያ ደቂቃ ይቆማል። ያ ጊዜ ድሮ የወሬ ጊዜ ነበር። ልጁ በ50 ብር ጀመረ፤ የመጀመሪያ ቀን 400 ብር በላ። እቁቡ ሲወጣለት ይህን ጨዋታ ካወቀ ሦስት ሳምንት ሆኖት ነበር።

መዝገቡ ሲነበብ

እቁቡ ላይ ችግሩ የታየው በ14ኛው ሳምንት ነው። ልጁ አልጣለም። አጎቱ ዝም ብለው 2,000 ብር ከፈሉ። በ15ኛውም አልጣለም፤ እሳቸው ደገሙ። ከዚያ ወደ እኔ መጡ። «ይሄ ልጅ አልታመመ፣ ባጃጁ አልቆመ፣ ምን ሆኖ ነው?» አሉኝ።

በማግስቱ ከሰዓት የእሳቸው ሱቅ ጓዳ ውስጥ ሦስታችን ተቀመጥን። ልጁ የቴሌብሩን ዝርዝር ከፈተ። እኔ ሁለት እስክሪብቶ ይዣለሁ፤ ወደ ጨዋታው የገባውን በቀይ፣ ከጨዋታው የወጣውን በሰማያዊ እጽፋለሁ። ገና ሳንጀምር ልጁ አንድ ነገር ተናገረ። «ወላሂ ጋሼ፣ ከ80,000 በላይ በልቻለሁ። ብሩ የት እንደገባ ነው ግራ የገባኝ።»

አልዋሸም። ሰማያዊው ተደምሮ 88,200 ብር ሆነ። ቀዩ ተደምሮ 143,500 ብር ሆነ። ልዩነቱ 55,300። ከእቁቡ ብር የተረፈችው ትንሽ ለእናቱ ጋቢ ሆናለች።

እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ። ልጁ እያንዳንዱን የበላበትን ቀን ያስታውሳል፤ ሰዓቱን፣ አውሮፕላኗ የት ድረስ እንደሄደች፣ አጠገቡ ማን እንደነበረ። የተበላውን ግን በጅምላ እንጂ በዝርዝር አያስታውስም። ድሮ የሎተሪ ትኬቱን ቀዶ ሲጥለው በእጁ ነው የቀደደው። አሁን ቀይዋን ያየው እኔ ወረቀት ላይ ስጽፋት ነው።

ሁለተኛው የታየን ሰዓቱ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ቀይዋ የቀን ናት፤ 50፣ 100፣ 200 ብር፣ ተራ ላይ የተጣለች። ከዚያ ወደ ማታ ትዞራለች። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ከሌሊቱ 5 እስከ 9 ሰዓት ናት። በ19ኛው ቀን ልጁ በአንድ ጊዜ 11,000 ብር አወጣ። ከዚያ ሁሉ ትልቁ ሰማያዊ እሱ ነው። በዚያው ሌሊት ከእሱ በታች 14 ቀይ መስመሮች አሉ። 500፣ 500፣ 1,000፣ 1,000፣ 2,000 እያለ ይሄዳል። የመጨረሻዎቹ አራቱ በሁለት በሁለት ደቂቃ ልዩነት ናቸው። 11,000 ብሯ ሲነጋ የለችም።

አጎትዬው ያንን ገጽ በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡና «ለምን አላቆምክም?» አሉት። «ለማስመለስ ነበር» አለ።

97 በመቶ የሚመልስ ጨዋታ እንዴት ሰው ያደኸያል?

ይህ ጥያቄ ከሒሳብ ሠራተኛ ጭንቅላት አይወጣም። የዚህ ዓይነት ጨዋታ አቅራቢዎች ብዙ ጊዜ በግልጽ ይጽፉታል፤ ከሚወራረደው ብር በአማካይ 97 በመቶው ለተጫዋቾች ይመለሳል። ሎተሪ ግን በብዙ አገሮች ከሽያጩ ለሽልማት የሚመልሰው ግማሽ አካባቢውን ነው። በዚህ ስሌት ሎተሪ ከመቶ ብር 50 ይወስዳል፤ አውሮፕላኗ 3 ብቻ። ልጁም ይህን ያውቅ ነበር። «ከሎተሪ ይሄ ይሻላል» ብሎ ነው ጓደኞቹን ያሳመነው።

መልሱ ብሩ ስንት ጊዜ እንደሚዞር ላይ ነው። የሎተሪ ብር አንድ ጊዜ ይጣላል፣ አንድ ጊዜ ይወጣል። የአውሮፕላኗ ብር ተበልቶ ይመለሳል፣ ደግሞ ይጣላል፣ ደግሞ ይመለሳል፣ በእያንዳንዱ ዙር 3 በመቶ እየቀነሰ። 55,300 ብር በ3 በመቶ ለመክሰር በአማካይ 1.84 ሚሊዮን ብር ያህል መወራረድ ያስፈልጋል። ልጁ ሚሊዮን ብር አይቶ አያውቅም፤ ግን በጣቱ አዙሮታል። በአንድ ዙር በአማካይ 300 ብር አስይዟል ብንል ወደ 6,100 ዙር ይሆናል። በ38 ቀን ሲካፈል በቀን 160 ዙር። አንዱ ዙር 20 ሰከንድ ቢፈጅ በቀን አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። እርግጥ ይህ አማካይ ስሌት ነው፣ ዕድል ወደላይም ወደታችም ይለውጠዋል። ለልጁ ግን የገባው በዚህ ነው። «በቀን አንድ ሰዓት?» ብሎ ደጋግሞ ጠየቀኝ።

ከዚያ በወረቀት ሎተሪ አሰላሁለት። በየወሩ የ200 ብር ትኬት ቢቆርጥና ግማሹን ቢከስር በወር 100 ብር ነው የሚሄደው። 55,300 ብር ለመክሰር 553 ወር ይፈጅበታል። 46 ዓመት።

ሎተሪ ንጹሕ ነው እያልኩ አይደለም። ትላልቆቹ የዓለም ሎተሪዎች ራሳቸው ሰውን ለመሳብ ዕድሉን ሆን ብለው አጥብበዋል። የአሜሪካው ፓወርቦል እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2015 የቁጥሮቹን ብዛት ሲለውጥ ትልቁን ዕጣ የማግኘት ዕድል ከ175 ሚሊዮን አንድ የነበረው ከ292 ሚሊዮን አንድ ሆነ። የእንግሊዙ ብሔራዊ ሎተሪ በዚያው ወር ከ49 ቁጥር ወደ 59 ሄደ፤ ከ14 ሚሊዮን አንድ የነበረው ከ45 ሚሊዮን አንድ ሆነ። ዕጣው ቶሎ ካልወጣ ሽልማቱ ይከማቻል፣ ሲከማች ወሬው ይበዛል፣ ወሬው ሲበዛ ሽያጩ ያድጋል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 ካሊፎርኒያ ውስጥ የወጣው 2.04 ቢሊዮን ዶላር የዚህ ፍሬ ነው።

በሌላ በኩል እስፔን አለች። የገና ሎተሪዋ እ.ኤ.አ. ከ1812 ጀምሮ ይወጣል። ትኬቱ 100,000 ቁጥር ነው፤ ስለዚህ ትልቁን ዕጣ የማግኘት ዕድል ከመቶ ሺህ አንድ ነው፣ ከሽያጩም 70 በመቶው ለሽልማት ይመለሳል። የመሥሪያ ቤት ባልደረባ፣ የመንደር ሰው፣ የአንድ ቡና ቤት ደንበኛ አንድ ቁጥር ተካፍሎ ይገዛል። እ.ኤ.አ. በ2011 ሶዴቶ የምትባል ትንሽ የገጠር መንደር ነዋሪ ከሞላ ጎደል በሙሉ አንድ ላይ ወጣለት። ይህን ለእቁቡ ሰዎች ስነግራቸው ወዲያው ነው የገባቸው።

ሎተሪ ወደ ኢንተርኔት የገባው ቀስ ብሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ከሊክተንስታይን የተነሳ ሎተሪ ቀዳሚ ነው ይባላል። በአሜሪካ ኢሊኖይ ትኬት በኢንተርኔት መሸጥ የጀመረው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2012 ነው። እኛም ጋ በአጭር መልእክት የሚቆረጠው አድማስ ዲጂታል ሎተሪ መጥቷል። ትኬቱ ስልክ ውስጥ ቢገባም ሎተሪ ሎተሪነቱን አይለቅም፣ የሚወጣበት ቀን እስካለው ድረስ። ከእሱ ጋር በአንድ በር የገቡት ቀን የሌላቸው ጨዋታዎች ናቸው ሌላ ነገር የሆኑት። እንግሊዞች ይህን አይተው ፍጥነቱን በሕግ ያዙት። እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2021 ጀምሮ በኢንተርኔት የሚሽከረከር የቁማር ማሽን አንዱ ዙር ከ2.5 ሰከንድ ማነስ አይችልም፤ ከጥር 2025 ጀምሮ ለሌሎቹ የካዚኖ ጨዋታዎች 5 ሰከንድ ተደረገ። በዚያው ዓመት በማሽኖቹ ላይ በአንድ ዙር የሚያዘው ብር 5 ፓውንድ ላይ ታጠረ፤ ከ18 እስከ 24 ዓመት ላሉት 2 ፓውንድ ላይ። ራሱን ማገድ የሚፈልግ ሰው ደግሞ አንድ ጊዜ ከተመዘገበ ፈቃድ ያላቸው የኢንተርኔት ቁማር ቤቶች በሙሉ ይዘጉበታል። ለኛ ልጅ ከ19ኛው ቀን በፊት እንዲህ ያለ በር ቢኖርለት ብዬ አስባለሁ፤ አምርሬም እመኛለሁ።

«ፕሬዲክተሩ»

ከቴሌብሩ ወጪዎች አንዱ ወደ ጨዋታው የሄደ ስላልነበረ በቀይ አልጻፍኩትም። 3,000 ብር፣ ለግለሰብ የተላከ። ልጁ አንገቱን ደፋ። ቴሌግራም ላይ አውሮፕላኗ የት እንደምትጠፋ ቀድሞ የሚናገር አፕ የሚሸጥ ሰው አግኝቶ ነበር። በመጀመሪያ ሁለት ቀን ነጻ «ሙከራ» ሰጠው፤ አንዳንዱ ገጠመ። ከፈለ። ከዚያ ሰውየው አገደው።

ይህ ማታለያ በብዙ አገር አለ፣ ስለዚህ አሠራሩን ልናገር። የዙሩ ውጤት አውሮፕላኗ ከመነሳቷ በፊት ከሚስጥር ቁጥር በስሌት ይወጣል፤ ሚስጥሩ ዙሩ ሳያልቅ ለማንም አይገለጥም። ያለፉት አሥር ዙሮች ዝቅ ማለታቸው አሥራ አንደኛውን ከፍ አያደርገውም። ቀድሞ የሚያውቅ ሰው ቢኖር በ3,000 ብር ለባጃጅ ሹፌር አይሸጠውም ነበር። ፖሊስ ጋ እንሂድ ብንለው ልጁ አልፈለገም፤ አፈረ። እኔ ቢሄድ ይሻል ነበር ባይ ነኝ። ማታለል ወንጀል ነው፣ የተታለለም ሰው ወንጀለኛ አይደለም።

ሽምግልናው

እናትየው ነገሩን ሲሰሙ የመጀመሪያ ቃላቸው «ልጄን የስልክ አውሮፕላን በላብኝ!» ነበር። ቡና አፍልተው፣ ጎረቤት ሰብስበው ዱዓ አስደረጉ። አንድ ሼህ ቁርኣን ቁማርን ከአስካሪ መጠጥ ጋር አንድ ላይ እንደሚከለክል አስታወሱት። ልጁ ያን ቀን አለቀሰ፤ ዱዓው እንደረዳው ራሱ ነግሮኛል። አጎትዬው ግን «ሱስ ነው፣ ሐኪምም ያስፈልገዋል» አሉ። ልክ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ የሚሠራበት 11ኛው የበሽታዎች ምደባ የቁማር ሱስን ሕመም ይለዋል፤ በአካል የሚደረገውንና በኢንተርኔት የሚደረገውንም ለይቶ ይመዘግባል። ልጁ ሐኪም ዘንድ ሁለቴ ሄዷል። እንቅልፉ ተመልሷል።

እቁቡ ጉዳዩን ያየው በ15ኛው ሳምንት እሁድ ነው፣ ከቡናው በኋላ። ልጁ 30,000 ብር ለእቁቡ፣ 4,000 ብር ለአጎቱ አለበት። አንዳንዱ ተቆጣ። በርበሬ የሚሸጡት እናት «እኔ ገና አልወጣልኝም፤ የኔ ብር በማን እጅ ሊገባ ነው?» አሉ። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ እቁብ በእምነት ነው የሚቆመው። ሰብሳቢያችን የባጃጁን ባለቤት ጠርተዋት ነበር። መፍትሔውን ያመጣችው እሷ ናት። ከልጁ የቀን ድርሻ 300 ብር ገና እጁ ሳይገባ እሷ ትይዛለች። በሳምንት 2,100 ይሆናል፤ 2,000 ለእቁቡ፣ 100 ለአጎቱ። ልጁ ስማርት ስልኩን ለእህቱ ሰጠ፤ እሱ ቁልፍ ስልክ ያዘ። የመጫወቻ አካውንቱን እዚያው ፊታችን አዘጋ። የአክስቱ ልጅ በባጃጁ ነገር እስካሁን አኩርፏል።

አንድ ያልተቋጨ ነገር አለ። እኔ ለእቁቡ አዲስ ደንብ አቅርቤያለሁ። ዕጣ የወጣለት ሰው ብሩን ለምን እንደሚፈልገው ቀድሞ ከተናገረ፣ ብሩ በቀጥታ ለሻጩ ይከፈል፤ ለባጃጅ ከሆነ ለባጃጅ ሻጩ፣ ለቆርቆሮ ከሆነ ለቆርቆሮ ነጋዴው። የባጃጅ ልጆቹ አራቱም ደግፈውታል፤ ልጁ ራሱ መጀመሪያ እጁን አወጣ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ግን አጥብቀው ተቃወሙ። «የራሱን ብር ለሰው እየቆጠርን የምንሰጠው ምን ሆነን ነው? እቁብ ሞግዚት አይደለም» አሉ። ክብር ያለው ክርክር ነው፣ በግማሹም እስማማለሁ። ስለዚህ ግዴታ ሳይሆን በፈቃድ ይሁን ብዬ አሻሽያለሁ፤ የፈለገ ሰው ዕጣው ሳይወጣ በፊት ይፈርማል፣ ከፈረመ በኋላ ግን በዚያ ዙር አይቀይርም።

ይህን ስጽፍ ልጁ 21ኛውን ሳምንት ጥሏል፤ ዘጠኝ ይቀረዋል። ለአጎቱ 600 ብር ተመልሶላቸዋል። ደንቡ ላይ ድምፅ የሚሰጠው በሚቀጥለው እሁድ ነው።